ባህር ዳር ላይ በእሳት አደጋ፣ በአምቡላንስና በነፍስ አድን ስራ ላላችሁ፦ እስፖርቱን እንዴት፣ ምግቡን ምን

የኛን ስራ ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር አለ። ሰባት ስምንት ሰአት ምንም ላይኖር ይችላል፣ ቡና እየጠጣን፣ ካርታ እየተጫወትን፣ መኪና እያጠብን ነው የምንውለው፣ ከዛ ይደወላል፣ በሶስት አራት ደቂቃ ውስጥ ያ ቁጭ ብሎ የነበረ ሰው ሃያ ምናምን ኪሎ ለብሶና ተሸክሞ ጭስ ውስጥ ደረጃ እየወጣ ነው፣ ወይ ደሞ ሰማንያ ኪሎ በሽተኛ በቃሬዛ ከሶስተኛ ፎቅ እያወረደ ነው። ሯጭ እንኳን ሳያሟሙቅ አይሮጥም። እኛ ማሟሟቂያ ሰአት የለንም፣ ስለዚ እዚ የምጽፈው በሙሉ ለዛች ድንገተኛ ዝላይ ልብን፣ ሳምባን፣ ወገብንና ሆድን ሁሌ ዝግጁ አድርጎ ስለመጠበቅ ነው። ደረት ማሳበጥ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ያገኛል።

ብዙ ሰው እሳት አደጋ ሰራተኛን የሚገድለው እሳት ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ የስራ ላይ ሞት በደምብ ስለሚመዘገብ ከዛ የሚታወቅ ነገር አለ፣ ስራ ላይ እያሉ ከሚሞቱት እሳት አደጋ ሰራተኞች ግማሽ የሚጠጉት የሚሞቱት በልብ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ ትልቅ ጥናት ደሞ እሳት እያጠፉ ባሉበት ሰአት በልብ የመሞት እድሉ ድንገተኛ ካልሆነው የዘወትር ስራ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ለምን ቢባል፣ ጥሪው ሲመጣ አድሬናሊን ልብን በአንዴ ያስጋልባታል፣ ልብሱ ሙቀት አያስወጣም፣ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ላብ ሲወጣ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ሃይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ይሄ ሁሉ በአንድ ልብ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ለአመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ፣ ግፊቱን የማያውቅ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ስለዚ ከሩጫ በፊት ምርመራ። በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን አስለኩ፣ አምቡላንስ ላይ ያላችሁ መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው፣ ሌላውን ስትለኩ ውላችሁ የራሳችሁን ሳታዩ አትሂዱ። አረፍ ብላችሁ፣ ቡና ሳትጠጡ፣ በተለያየ ቀን ተለክታችሁ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሀኪም ጋር ሳትነጋገሩ ከባድ ልምምድ አትጀምሩ። ከ40 አመት በላይ የሆናችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥ በልብ በድንገት የሞተ ሰው ያላችሁ፣ ስትሮጡ ደረት የሚጨንቃችሁ ወይ ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ካላችሁ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ምርመራ መነሳት አለባችሁ። የግፊት መድሃኒት የታዘዘለት ሰው ደሞ ተሻለኝ ብሎ አያቁም፣ ግፊት እኮ አያምም፣ የሚያሰጋውም ለዛ ነው። አንዳንዱ ሰው ቢታወቅብኝ ከስራ ያስቀምጡኛል ብሎ ይደብቃል፣ ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን አንድ ሰው መሰላል ላይ ቢወድቅ ከስር ያሉት ልጆችም አብረው ነው የሚጎዱት።

አሁን ወደ ትንፋሽ እንምጣ። አሜሪካኖቹ ለእሳት አደጋ ሰራተኛ የሚመክሩት የልብና የሳምባ አቅም 12 ሜት ይባላል፣ ማለትም ቁጭ ብላችሁ ከምትጠቀሙት ኦክስጅን 12 እጥፍ መጠቀም መቻል ነው። ይሄን ያለ ላቦራቶሪ የምትገምቱበት ቀላል መንገድ የ12 ደቂቃው ሩጫ ነው፣ ኩፐር ቴስት የሚባለው። 12 ደቂቃ ውስጥ 2400 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 400 ሜትር ትራክ ላይ ስድስት ዙር ከሮጣችሁ እዛ አካባቢ ናችሁ። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ይሳሳል፣ ስለዚ አምስት ዙር ተኩል ብትሮጡም አትደንግጡ። አራት ዙር ካልሞላ ግን ስራ አለባችሁ። በነገራችን ላይ ይሄ የትንፋሽ ጉዳይ ጭስ ውስጥ ማስክና የአየር ሲሊንደር ለሚጠቀሙ ሌላ ትርጉም አለው፣ 30 ደቂቃ የተባለ ሲሊንደር በከባድ ስራ ላይ 30 ደቂቃ አይቆይም፣ ትንፋሹ ያልሰለጠነ ሰው ደሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚስብ ከጓደኛው ቀድሞ ይጨርሳል። አንዱ አየሩን ከጨረሰ ሁለቱም መውጣት አለባቸው።

ምንም ካልጀመራችሁ በእግር ጉዞ ነው የሚጀመረው። ከሀይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ለዚ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ከጠዋቱ 12 ሰአት ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዛ ሁለት ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ከዛ እያደር ሩጫውን ማስረዘም። መለኪያው ወሬ ነው፣ እየሮጣችሁ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አረፍተ ነገር ጨርሳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፣ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። አብዛኛው ሰው እዚ ጋር ነው የሚያበላሸው፣ በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጣትነቱ ሮጦ ጉልበቱን ይዞ ሳምንት ይተኛል። የሳምንቱ ሩጫ ሶስት አራተኛው የሚወራበት ፍጥነት ይሁን፣ የቀረው አንዱ ቀን ብቻ ነው የሚያስለከልከው።

ለሚያስለከልከው ቀን ደሞ ቤዛዊት አለላችሁ። ከታች እስከ ድሮው ቤተመንግስት ያለው ዳገት ለኛ ስራ ከሜዳ ሩጫ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ደረጃ ነው የሚመስለው፣ ጭንና መቀመጫን ያሰራል። አንድ ደቂቃ በሃይል ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ መውረድ፣ መጀመሪያ አራቴ፣ ከዛ ስድስቴ፣ ሲለመድ ስምንቴ። አዲሱ የአባይ ድልድይም ጥሩ ነው፣ 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ የእግረኛና የሳይክል መስመር አለው፣ ስለዚ አንዱን ጫፍ ፈጣን ሌላውን ቀስ እያሉ መመላለስ ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ደሞ ማታ ነው ለግጦሽ የሚወጣው፣ ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ በወንዙ ዳር በሳሩ ውስጥ አትሩጡ፣ በእሱና በውሃው መሃል መግባት ማለት ትልቅ አደጋ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ሲበዛ አስፓልቱን ያዙ ወይ ወደ ደረጃ ቀይሩት።

ደረጃውን ለብቻው ላንሳው ምክንያቱም ከተማችን ወደ ላይ እያደገች ነው፣ ህንጻው በየአመቱ ይጨመራል፣ እሳት ሲነሳ ደሞ ሊፍት አይታሰብም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጂም ቤቱ ስር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ከዛ በሁለቱ እጅ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከዛ ባለ 10። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግም። አሜሪካና ካናዳ እሳት አደጋ ሰራተኛ ሲቀጥሩ ብዙ ቦታ የሚሰጡት ፈተና አለ፣ ስምንት ስራ በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፣ ሙሉውን 22.7 ኪሎ ሸክም ለብሶ፣ የመጀመሪያው የደረጃ መውጣት ላይ ደሞ 11 ኪሎ ተጨምሮበት ለሶስት ደቂቃ በደቂቃ 60 ደረጃ። ከዛ ሆዝ መጎተት፣ እቃ ተሸክሞ መሄድ፣ መሰላል ማንሳት፣ በመዶሻ መምታት፣ ጨለማ ውስጥ መዳህ፣ 75 ኪሎ አሻንጉሊት መጎተት፣ ጣሪያ መውጋትና መሳብ። ይሄን የጠቀስኩት እኛም እንደዛ እንፈተን ለማለት ሳይሆን ምን አይነት ጉልበት እንደሚያስፈልግ ስለሚያሳይ ነው፣ መጎተት፣ መሸከም፣ መውጣት፣ መምታት፣ መዳህ። ቤንች ፕሬስ የለበትም።

ለመጎተት አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ላይ ገመድ እሰሩና ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ሳቡት፣ 20 ሜትር ሄዳችሁ አረፍ በሉ፣ አምስት ጊዜ። ጊቢው ውስጥ የተጣለ የመኪና ጎማ ካለ ደሞ ተጨማሪ ሀብት ነው፣ ይገለበጣል፣ ይጎተታል፣ በመዶሻ ይመታል፣ አሮጌ ሆዝ ካለ ውሃ ሞልታችሁ ትከሻ ላይ ጥላችሁ ጎትቱት ምክንያቱም ውሃ የያዘ ሆዝና ባዶ ሆዝ የሚገናኙ ነገሮች አይደሉም። ለመሸከም ጀሪካን በግራና በቀኝ ይዞ 50 ሜትር ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ይሄ የእጅ ጭብጥንም ሆድንም አንድ ላይ ይሰራል፣ አንዳንዴ በአንድ እጅ ብቻ ያዙት፣ ቃሬዛ ሁሌ እኩል አይከብድም። ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ፣ ገመድ ወይ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እነዚን ሶስት ሶስት ዙር ከሰራችሁ ይበቃል፣ ጂም መክፈል ለማይችል ሰው ምንም አይጎድልበትም።

አምቡላንስ ላይ ያላችሁ ወገባችሁን አደራ። በሽተኛ ስታነሱ መጀመሪያ ተጠጉ፣ እግራችሁን ክፈቱ፣ በጉልበት እንጂ በወገብ አትጎንበሱ፣ ሸክሙ ደረታችሁን እስኪነካ ቅርብ ይሁን፣ ተነስታችሁ መዞር ካለባችሁ እግራችሁን አዙሩ እንጂ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፣ ከጓደኛ ጋር ደሞ ጮክ ብሎ ቆጥሮ አብሮ ማንሳት። ይሄን እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ በጤፍ ከረጢትም በጀሪካንም ተለማመዱት፣ ሌሊት 9 ሰአት ላይ እንቅልፍ አይናችሁ ላይ እያለ ሰውነት የሚያደርገው የለመደውን ነው። ሌላው የሚረሳው ነገር የደረት መጫን ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ለሁለት ደቂቃ፣ ይሄ ራሱ እስፖርት ነው፣ ክንዱ የደከመ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጥልቀቱ ይቀንስበታል ሳያውቀው። በትራስ ይሁን በአሻንጉሊት በሳምንት አንዴ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተቀያየራችሁ ስሩ።

ውሃ ላይ ለምትሰሩ፣ ጀልባ ላይ ላላችሁና ሰው ለማውጣት ለምትገቡ ዋና የግድ ነው፣ ግን ጣና ዳር ጥልቀት በሌለው፣ ሳር ባለበት ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከውሃው በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፣ ይሄ በደምብ የሚታወቅ ነገር ነው። ለልምምድ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ተጠቀሙ፣ ለስራ ግን መግባታችሁ ግድ ነው፣ ከዛ በኋላ ቶሎ ሰውነታችሁን በፎጣ ፈትጋችሁ አድርቁ፣ ከሳምንታት በኋላ ደሞ ተመርመሩ፣ መድሃኒቱ ቀላል ነው። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ መግባት ለዋናተኛም አይፈቀድም።

ምግብ ላይ እንሂድ፣ እዚ ጋር ብዙ የምለው አለኝ። ተረኛ ስትሆኑ ዋናው ህግ አንድ ነው፣ በማንኛውም ደቂቃ መሮጥ የምትችሉበት ሆድ ይኑራችሁ። እኛ ሀገር አንድ ላይ ተቀምጦ በአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ፣ “ብላ እንጂ፣ በሞቴ” መባባል አለ፣ ደስ ይላል፣ ፍቅር ነው፣ እኔም እንዲቀር አልፈልግም፣ ግን ሶስት እንጀራ በክትፎ በልቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጭስ ውስጥ የገባ ሰው ወይ ያስመልሰዋል ወይ ደሙ ጨጓራው ጋር ስላለ ጉልበት ያጣል። ስለዚ ትልቁን ምግብ ከፈረቃ ስትወጡ ብሉት፣ ፈረቃ ላይ በየሶስት አራት ሰአቱ ግማሽ ግማሹን። ትሪው ላይ እንጀራው አንድ፣ ወጡ የጥራጥሬና የአትክልት ብዙ ይሁን። ለአጉራሹ ደሞ ተረኛ ነኝ ማለት ይበቃል፣ ጋሼም ቢሆኑ ይረዳሉ።

በፕሮቲን ረገድ እንደኛ የሚሰራ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም በቀን ያስፈልገዋል፣ 70 ኪሎ ከሆናችሁ ከ84 እስከ 112 ግራም መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል ግን ባህር ዳር ለሚኖር ሰው ቀላል ነው ምክንያቱም አሳ አለ። 100 ግራም ቆሮሶ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱ ደሞ በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ አሰራሩ ነው፣ ሙሉውን አሳ ጥልቅ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ያ ሁሉ ጥሩነት በዘይት ይሸፈናል፣ በተለይ በሚረጋው ፓልም ዘይት ከሆነ፣ ግማሽ የሚጠጋው ለልብ የማይስማማ ቅባት ነው። ጥብሱን ለበአል ተዉትና የአሳ ጎላሽ፣ የአሳ ወጥ፣ ወይ ፍም ላይ የተጠበሰ አዘውትሩ። አምባዛ ትንሽ ቅባት ቢኖረውም የአሳ ቅባት ለልብ ጥሩ ነው፣ አትፍሩት። እንቁላል አንዱ 6 ግራም አለው። ጠዋት ሁለት ቅቅል እንቁላል በዳቦና በቲማቲም፣ ወይ ፉል፣ ወይ ቂንጬ፣ እነዚ ለተረኛ ጥሩ ቁርስ ናቸው። ጨጨብሳ በቅቤ የሚጣፍጥ ነገር ነው፣ እረፍት ቀን ይበላል።

ጥሬ ስጋ ላይ ጠንከር ልበል። ኮሶ ያመጣል፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ከዛ በላይ ደሞ ተረኛ ሆኖ ሆድ የተበላሸበት ሰው ለቡድኑ ሸክም ነው። በፈረቃ ዋዜማና በፈረቃ ቀን ጥሬ ነገር አይበላ፣ ዱለትም ለብለብም ቢሆን በደምብ ይብሰል።

ለመያዝ የሚሆን ምግብ ከፈለጋችሁ ደሞ አባቶቻችን ጨርሰውታል፣ በሶ። የተቆላ ገብስ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ብቻ ይፈልጋል፣ ጭብጦ አድርጋችሁ በፌስታል ይዛችሁ መኪና ውስጥ ብታስቀምጡት ሌሊት ሙሉ ስራ ላይ ብትቆዩ ያዘልቃችኋል። ረጅም ስራ ላይ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፣ ትንሽ ማር ካለ ይጨመር፣ ቁንጥር ጨው ይጨመር። ቆሎ ከሽምብራና ከለውዝ ጋር ተቀላቅሎ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ከብስኩትና ከለስላሳ መጠጥ በብዙ ይሻላል፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ለግማሽ ሰአት አነቃቅቶ ከዛ ይጥላችኋል። ሙዝ፣ ማንጎ በወቅቱ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ እነዚ እኛ ጋር ርካሽ ናቸው፣ ገበያ ስትሄዱ አትለፏቸው።

እንጀራ ላይ ብዙ ሰው በኢንተርኔት ያየውን ይዞ ካርቦሃይድሬት ነው ተው ይላል። እኔ አልስማማም። ጤፍ ብረት አለው፣ ፋይበር አለው፣ ከምስር ወይ ከሽሮ ጋር ሲበላ ደሞ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል፣ ለከባድ ስራ ሃይል የሚሰጠው እሱ ነው። የሚጎዳው መጠኑ ነው፣ ደሞ ላዩ ላይ የሚፈሰው ዘይት። አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር፣ ከምግብ ጋር ወይ ወዲያው በላዩ ቡናና ሻይ ሲጠጣ ብረቱ በደምብ አይወሰድም፣ አንድ ሰአት አቆዩት፣ በምትኩ ሎሚ ወይ ቲማቲም ያለበት ሰላጣ ከወጡ ጋር ብሉ። በተለይ ሴት ባልደረቦቻችን ይሄን ያዙ፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥራል፣ ሰው ደሞ ስንፍና ይለዋል። ጨውም በቀን ከ5 ግራም አይብለጥ ይላል የአለም ጤና ድርጅት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አካባቢ ነው፣ የወጡን፣ የዳቦውንና የቆሎውን ስትደምሩት በቶሎ ይሞላል።

ጾም። አብዛኞቻችን እንጾማለን፣ እሮብና አርብ አለ፣ አብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደሞ ረመዳን አላቸው፣ ሁለቱም ከስራው ጋር መስማማት ይችላል፣ ግን ማቀድ ይፈልጋል። በኦርቶዶክስ ጾም ፕሮቲን የሚጎድለው ሰው ፓስታ በስጎና ድንች ጥብስ ብቻ ስለሚበላ ነው እንጂ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ለውዝ እያለ ማንም አይጎዳም። አሳን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፣ ያ የእናንተና የንስሃ አባታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። እስከ ቀኑ 9 ሰአት የምትቆዩ ከሆነ ግን ተረኛ በምትሆኑበት ቀን ስለሰአቱ ንስሃ አባታችሁን አማክሩ፣ ስራችሁ ምን እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው። ረመዳን ላይ ሱሁር በፍጹም አይታለፍ፣ ቂንጬ ወይ አጃ ከእንቁላልና ከእርጎ ጋር፣ ውሃ ደሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር በየሰአቱ ትንሽ ትንሽ፣ በአንዴ ሁለት ሊትር መጋት ጥቅም የለውም። ከባድ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። ደሞ አንድ ቡድን ውስጥ ጿሚና ያልጾመ ካለ፣ መጀመሪያ ጭስ ውስጥ የሚገባውን ስትመርጡ ማን መቼ እንደጠጣ እወቁ።

ውሃ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚሰራ ሰው በሰአት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ያን ያህል ደሞ በስራ ላይ መጠጣት አይቻልም፣ ስለዚ ተረኛ ከሆናችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያላችሁ እየጠጣችሁ ነው የምትቆዩት። ሽንታችሁ የሎሚ ጭማቂ ቀለም ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሻይ ቀለም ከመሰለ ወደኋላ ቀርታችኋል፣ ከከባድ ስራ በኋላ ኮካ ከመሰለና ጡንቻ ካበጠ ደሞ ያን ሰአት ሀኪም ቤት ነው፣ ጡንቻ ሲጎዳ ኩላሊት አብሮ ይጎዳል። ከአንድ ሰአት በላይ በሚቆይ ስራ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ይኑራችሁ፣ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ስድስት ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በቃ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባህር ዳር ሲሞቅ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚ ከረጅም እረፍት ወይ ከደጋ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ልብስ ለብሶ ከባድ ልምምድ አይስራ።

ቡና ይጠጣ፣ ማን ይከለክላል፣ ግን ግማሹ ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰአት ገደማ ይፈጅበታል፣ ጠዋት 12 ሰአት ከፈረቃ ወጥታችሁ መተኛት ካሰባችሁ የመጨረሻው ስኒ ከሌሊቱ 7 ሰአት አይለፍ። አረቄና ጠላ ከፈረቃ በፊት በነበረው ማታ አይጠጣም፣ ሽታው ባይኖርም ውሃ ያሳጣል፣ እንቅልፍ ይሰብራል፣ ሰው ህይወት ላይ ውሳኔ ልትወስኑ ነው። ጫት ደሞ ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፣ ከላይ ስለ ልብ የጻፍኩትን መለስ ብላችሁ አንብቡና ራሳችሁ ወስኑ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጭስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደሙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ነው የሚገባው።

እንቅልፍ ላይ አጭር ልሁን፣ ሌሊት ያደረ ሰው ቀን ሲተኛ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍን፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጥ፣ ቤተሰብ እስከ 6 ሰአት እንዳይቀሰቅስ ይነገር። ሌሊት ሙሉ ስራ ካደራችሁ በዛ ቀን አትሩጡ፣ ተኙ፣ ከሰአት በኋላ 30 ደቂቃ በእግር ተንሸራሸሩ ይበቃል።

ከእሳት ስትመለሱ መጀመሪያ እጅና ፊት በሳሙና፣ ከዛ ነው ውሃና ምግብ። አለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2022 የእሳት አደጋ ስራን ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፣ ጥላሸቱ በቆዳም በአፍም ይገባል። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት በደምብ ይታጠብ፣ የለበሳችሁትን ልብስ ቤት ወስዳችሁ ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉት።

ለጀማሪ ሳምንቱን እንዲህ አድርጉት፣ እንደ ፈረቃችሁ ማዟዟር ትችላላችሁ። ከፈረቃ በወጣችሁ ቀን እንቅልፍና እርምጃ። በማግስቱ ሀይቁ ዳር ወሬ እያወራችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሩጫ። ሌላ ቀን ጀሪካን፣ ማዳበሪያ፣ ስኳት፣ ፑሽ አፕ። ሌላ ቀን ቤዛዊት ወይ ደረጃ። ፈረቃ ላይ ራሱ ጠዋት ላይ 20 ደቂቃ ስትሬችና ቀለል ያለ ነገር፣ ሰውነትን እስከማድከም አይኬድም ምክንያቱም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሊደወል ይችላል። በየሶስት ወሩ የ12 ደቂቃውን ሩጫ ሩጡና ጻፉት፣ ግፊታችሁንም አብራችሁ ጻፉት። ቡድኑ አብሮ ቢሰራ ይሻላል፣ ብቻውን የጀመረ ሰው ክረምት ሲገባ ያቆማል።

ወባ ወይ ታይፎይድ ይዟችሁ ከነበረ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ህዳር እኛ ጋር ወባው ሲበዛ፣ ትኩሳቱ ስለጠፋ ብቻ ወደ ሩጫ አትመለሱ። መድሃኒቱን ጨርሱ፣ አንድ ሳምንት በደምብ እየበላችሁ እርምጃ ብቻ፣ ከዛ ከነበራችሁበት ግማሽ ጀምሩ፣ ደረጃ ስትወጡ ልብ ከወትሮው በላይ የሚመታባችሁ ከሆነ ደም ማነስ ስለሚኖር የደም መጠናችሁን አስለኩ።